የስንዴ ሥር ዘቦች



የዛሬው ንግግር ዓላማ አፈር ውስጥ የሚኖሩ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ስንዴንና ገብስን ከፈንገስ በሽታ እንዴት እንደሚጠብቁ ማስረዳት ነው። በዚያው ላይ አንድ እንቆቅልሽ የሆነ ነገር ይመረምራል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ማሳ ላይ በራሳቸው ጊዜ ሲራቡ በሽታን ዓመት ከዓመት ያስታግሳሉ፤ በፋብሪካ ተመርተው ሲሸጡ ግን አንድ ቦታ ይሠራሉ፣ ሌላ ቦታ ይከሽፋሉ። ለምን? ነገሩ በሦስት ክፍል ይቀርባል። መጀመሪያ በሽታው በራሱ ስለበረደባቸው ማሳዎች፣ ቀጥሎ ጠባቂዎቹ እነማን እንደሆኑ ስለተረጋገጠበት መንገድ፣ በመጨረሻም ባክቴሪያን ለገበያ ማቅረብ የት እንደተሳካና ከዚህ ሁሉ ለኢትዮጵያ ስንዴ ምን እንደሚተርፍ። የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደ መጀመሪያው እንግባ። በሽታው ቴክ ኦል ይባላል፤ ስሙን ያወጡለት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የደቡብ አውስትራሊያ ስንዴ አምራቾች ናቸው። የሚያመጣው ጋውማኖማይሰስ ትሪቲሲ የተባለ ፈንገስ ነው። ገበሬው ማሳው ዳር ቆሞ ሲቃኝ መጀመሪያ ዓይኑን የሚስበው ንጣት ነው። ሌላው ስንዴ ገና አረንጓዴ ሆኖ ፍሬ ሲቋጥር፣ እዚህም እዚያም ክብ ክብ ሠርቶ ያለው ያለ ዕድሜው ነጥቶ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ዛላው በመዳፍ ሲታሽ ገለባ ብቻ ይወጣል፤ ፍሬ ቢገኝበትም የኮሰመነ ነው። ተክሉ ሲሳብ አፈሩ አይዘውም፣ በቀላሉ ተነቅሎ ይመጣል። ሥሩን በውሃ አጥቦ ነጭ ሳህን ላይ ዘርግቶ ላየው ምክንያቱ ግልጽ ነው። ነጭ መሆን የሚገባው ሥር ጠቁሯል፣ አጥሯል፤ በአገዳው ግርጌ ያለው የቅጠል ሽፋን ሲላጥም ከሥሩ ጥቁረቱ ወደ ላይ ሲወጣ ይታያል። ፈንገሱ ውሃ የሚያሳልፈውን የሥሩን እምብርት ደፍኖታል። ተክሉ የሞተው አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ በውሃ ጥም ነው።

ይህ ፈንገስ እንደ ዋግ በነፋስ ተሳፍሮ ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። ከአዝመራ በኋላ መሬት ውስጥ በቀረው ሥርና አገዳ ላይ ይከርማል። በሚቀጥለው ዓመት ስንዴ ከተዘራ ምግቡን ያገኛል፤ ባቄላ ወይም አተር ከተዘራ ግን የሚበላው አጥቶ ይመነምናል። ሙሉ በሙሉ የሚቋቋመው የስንዴ ዝርያ ለገበያ አልቀረበም። ስለዚህ የየአገሩ የግብርና ባለሙያ ምክር ለብዙ ዘመን ያው ነበር፤ ስንዴን በስንዴ ላይ አትዝራ።

ምክሩ ትክክል ነው። ሆኖም ምክሩን ያልሰሙ፣ ወይም የስንዴ ዋጋ ጥሩ ሆኖባቸው መስማት ያልፈለጉ ገበሬዎች ያልተጠበቀ ነገር አዩ። በመጀመሪያው ዓመት በሽታው ቀላል ነው። በሁለተኛው፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ይብሳል። ከዚያ በኋላ፣ ገበሬው አንድም ነገር ሳይቀይር፣ በሽታው ይበርድና ምርቱ መልሶ ያገግማል። ይህ በሆላንድ፣ በእንግሊዝ፣ በአውስትራሊያና በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ ታይቷል። በእንግሊዝ የሮታምስቴድ የምርምር ጣቢያ ብሮድባልክ የሚባል ማሳ አለ፤ ከ1843 ጀምሮ ስንዴ ይዘራበታል። በዚያ ማሳ ያለማቋረጥ ስንዴ በሚዘራበት ክፍል ቴክ ኦል የሚያደርሰው ጉዳት፣ ከሌላ ሰብል በኋላ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ ስንዴ በተዘራበት ክፍል ከሚያደርሰው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

ፈንገሱ በእርጅና ደክሞ ይሆን? አፈሩስ ማዕድኑ ተለውጦ ይሆን? በዋሽንግተን ግዛት፣ በፑልማን ከተማ ይሠራ የነበረው የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ ጄምስ ኩክ ከባልደረቦቹ ጋር በ1970ዎቹ ጥያቄውን በቀላል ሙከራ ፈተነው። በሽታው ከበረደበት ማሳ አፈር ወስደው በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እርጥብ ሙቀት ለ30 ደቂቃ አቆዩት። ከዚያ ፈንገሱን ጨምረው ስንዴ ሲዘሩበት በሽታው እንደ ጥንቱ በረታ። በዚህ ሙቀት ማዕድን አይለወጥም፤ የሚሞተው ሕይወት ያለው ነገር ነው። ቀጥሎ ተገላቢጦሹን ሞከሩ። ሕይወቱ በሙቀት ወይም በጋዝ በጠፋ አፈር ላይ፣ በሽታው ከበረደበት ማሳ ከመቶ አንድ እጅ የሚሆን አፈር ጨመሩበት። ጥበቃው ወደ አዲሱ አፈር ተሻገረ። እናቶች ካለፈው ሊጥ ያስቀሩትን ጥቂት እርሾ በአዲሱ ቡኮ ላይ ጨምረው ሁሉንም እንደሚያቦኩት መሆኑ ነው፤ እርሾውን ቀቅሎ የጨመረች ሴት ግን ሊጡ አይነሳላትም።

ኩክና የአውስትራሊያው አልበርት ሮቪራ ውጤቱን በ1976 ሲያሳትሙ ሁለት ዓይነት ጥበቃ ለዩ። አንዱ በየትኛውም ሕይወት ባለው አፈር ውስጥ ያለ ነው፤ ሺህ ዓይነት ረቂቅ ነፍሳት ለምግብ ሲሻሙ ፈንገሱም ሽሚያው ይከብደዋል። ይህ ከቦታ ወደ ቦታ አይሻገርም። ሌላው ግን ልዩ ነው። በጥቂት አፈር ይሻገራል፣ በመጠነኛ ሙቀት ይጠፋል፣ ለመገንባትም ዓመታት ይፈልጋል። ሁለቱ ሳይንቲስቶች ጣታቸውን የቀሰሩት ስዩዶሞናስ ወደሚባሉት ባክቴሪያዎች ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚሁ ነው። ይህ ልዩ ጥበቃ እንዲገነባ ስንዴም፣ በሽታውም ያስፈልጋሉ። ፈንገሱ ሥሩን ሲያቆስለው ከቁስሉ ስኳርና ሌላ ምግብ ወደ አፈሩ ይፈስሳል። ስዩዶሞናሶች እዚያ ተሰብስበው ይራባሉ፤ አዝመራው ሲነሳ ጥቂቶቹ ከወደቀው ሥር ጋር ይከርማሉ፣ በሚቀጥለው ዓመት በዝተው ይጀምራሉ። እንግዲህ በሽታው የገዛ ጠላቱን ይቀልባል ማለት ነው። ወጪውን የሚከፍለው ግን ገበሬው ነው፤ ጥበቃው እስኪገነባ ድረስ ሁለትና ሦስት ዓመት ክፉኛ የተጎዳ ምርት ያጭዳል። በመሐል አንድ ዓመት ሌላ ሰብል ቢዘራ ደግሞ የተገነባው ጥበቃ ይሳሳል። ሰብል ማፈራረቅና ይህ ጥበቃ ሁለት የተለያዩ መንገዶች ናቸው፤ አንዱ ፈንገሱን ያስርበዋል፣ ሌላው ጠላቱን ያበዛበታል።

ወደ ሁለተኛው ክፍል እንለፍ። ጠባቂው ስዩዶሞናስ መሆኑ ተጠረጠረ፤ ጥርጣሬ ግን ማስረጃ አይደለም። በዋሽንግተን ግዛት ሊንድ በተባለች ደረቅ ስፍራ ከበቀለ ስንዴ ሥር ላይ ስዩዶሞናስ ፍሉረሰንስ 2-79 የሚል መለያ የተሰጠው ባክቴሪያ ተገኘ። ላቦራቶሪ ውስጥ ፈንገሱ በሚያድግበት የብርጭቆ ሳህን ላይ ሲጨመር፣ ፈንገሱ እየተስፋፋ መጥቶ ባክቴሪያው አጠገብ ሲደርስ ይቆማል፤ በሁለቱ መካከል ምንም የማይበቅልበት ባዶ መስመር ይቀራል። ዴቪድ ዌለርና ኩክ ባክቴሪያውን ሜቲል ሴሉሎስ ከተባለ ሙጫ ጋር ለውሰው የስንዴ ዘር ቀቡበት፤ በ1983 ባወጡት ጽሑፍ የተቀባው ዘር ማሳ ላይ ከቴክ ኦል የተሻለ መትረፉን አሳዩ።

አሁንም የሚጠራጠር ሰው ተገቢ ጥያቄ አለው። ሳህን ላይ የታየው በአፈር ውስጥ ስለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለ? ባክቴሪያው የፈንገሱን ምግብ እየተሻማ ሊሆንም ይችላል። መልሱን የሰጡት ሊንዳ ቶማሾና ዌለር በ1988 ነው። ባክቴሪያው ፌናዚን የሚባል ብጫ አንቲባዮቲክ ያመነጫል። ሁለቱ ተመራማሪዎች ፌናዚን የሚሠራውን ዘረመል ያበላሹበት የባክቴሪያ ዝርያ አዘጋጁ፤ በሌላው ነገር ሁሉ እንደ ወንድሙ ነው፣ ፌናዚን መሥራት ብቻ ተስኖታል። ዘር ላይ ሲቀባ የመከላከል ኃይሉ በእጅጉ ቀነሰ። ጤነኛው ዘረመል ሲመለስለት ኃይሉም ተመለሰ። በ1990 ደግሞ አፈር ላይ ከበቀለ የስንዴ ሥር ፌናዚኑን ራሱን አጣርተው አወጡ፤ መጠኑ በአንድ ግራም ሥር ጥቂት አሥር ናኖግራም ነበር፣ ማለትም ከአንድ ግራም ቢሊዮንኛ ጥቂት አሥር እጅ። የተገኘውም አንቲባዮቲኩን የሚሠራ ባክቴሪያ በሰፈረበት ሥር ላይ ብቻ ነው። አንቲባዮቲክ ከላቦራቶሪ ውጭ፣ በተፈጥሮ አፈር ውስጥ፣ የተባለለትን ሥራ እንደሚሠራ በግልጽ ካሳዩት የመጀመሪያዎቹ ማስረጃዎች አንዱ ይህ ነው።

ሆኖም ፌናዚን የሌለው ባክቴሪያም ጥቂት ይከላከል ነበር። ስለዚህ መሣሪያው አንድ ብቻ አይደለም። አንዳንድ ስዩዶሞናሶች በአፈር ውስጥ ያለውን ጥቂት ብረት የሚለቅም ውህድ ይለቃሉ፤ ፈንገሱ ብረት ያጣል። ሌሎች ደግሞ ፈንገሱን ሳይነኩ ተክሉን ያነቁታል፤ በሆላንድ ቴክ ኦል ከበረደበት አፈር የተገኘው ደብልዩሲኤስ417 የተባለው ዝርያ ሥር ላይ ሲሰፍር ቅጠሉ ሳይቀር በሽታን ፈጥኖ ለመቋቋም ይዘጋጃል። በቻይና የተገኘ አንድ ስዩዶሞናስ ደግሞ፣ በ2018 እንደታተመው፣ የስንዴን ዛላ የሚያጠቃው ፉዛሪየም የተባለ ፈንገስ ዘረመሉን የሚያዝበትን ሥርዓት አዛብቶ ጉልበቱን ያሳጣዋል።

ከሁሉም የላቀ ትምህርት የሰጠው ግን የቁጥር ጉዳይ ነው። ዮስ ራይማከርስና ዌለር በ1998 በሽታው የበረደባቸውንና ያልበረደባቸውን የዋሽንግተን ማሳዎች ሲያወዳድሩ፣ በበረደባቸው ላይ ሌላ አንቲባዮቲክ፣ ዳያሴቲልፍሎሮግሉሲኖል የሚባለውን የሚሠሩ ስዩዶሞናሶች በአንድ ግራም ሥር ላይ ከ100,000 በላይ ሆነው አገኙ። በሽታው ባልበረደበት ማሳ እነዚህ ባክቴሪያዎች ወይ የሉም ወይ ከዚህ እጅግ ያነሱ ናቸው። ስለዚህ ባክቴሪያው መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ከአንድ ልክ በላይ በዝቶ፣ በዚያው ልክ ወቅቱን ሙሉ መቆየት አለበት። ከዚያው አካባቢ የተገኘ ኪው8አር1-96 የተባለ ዝርያ በአንድ ግራም አፈር ውስጥ 100 ገደማ ብቻ ሆኖ ተጨምሮ፣ ስንዴ ስምንት ዙር ተደጋግሞ ሲዘራበት ቁጥሩ ከዚያ ልክ በላይ ወጥቶ እዚያው ቆየ። ሌሎች ዝርያዎች ተመሳሳይ አንቲባዮቲክ እየሠሩም ዙሩ እየተደጋገመ ሲሄድ ተመናመኑ። ልዩነታቸው መርዛቸው ላይ አይደለም፤ የስንዴን ሥር ቤቴ ብለው የመኖር ችሎታቸው ላይ ነው።

ይህን ይዘን ወደ ሦስተኛው ክፍል እንሻገር፤ ከላቦራቶሪ ወደ ገበያ። 2-79 በአንዳንድ ማሳ ጥሩ ውጤት ሲሰጥ በሌላው ምንም ለውጥ አላሳየም። ምክንያቱን ለማወቅ ተመራማሪዎች በ10 የተለያዩ አፈሮች ላይ ሞከሩትና በ2003 ውጤቱን አወጡ። ዚንክ በበዛበትና አሲድነቱ ባነሰ አፈር ጥበቃው ጠነከረ፤ ሸክላ፣ ብረትና ማንጋኒዝ በበዛበት ደከመ። ውሃም ዳኛ ነው። በዚያው በዋሽንግተን ግዛት ዝናብ በሚያጥራቸው ደረቅ ማሳዎች ላይ በብዛት የሚገኙት ፌናዚን ሠሪዎቹ ናቸው፤ በመስኖ በሚለሙት ላይ ደግሞ ዳያሴቲልፍሎሮግሉሲኖል ሠሪዎቹ። የስንዴው ዝርያም ያዳላል፤ በ2004 እንደታየው አንዳንዱ ዝርያ ከአፈሩ ውስጥ ጠቃሚዎቹን ስዩዶሞናሶች ከሌላው ዝርያ አብልጦ ወደ ሥሩ ይስባል። አንድ ቦታ የተወለደ ባክቴሪያ በጆንያ ተሞልቶ ወደ ሌላ አፈር፣ ሌላ ዝናብና ሌላ የስንዴ ዝርያ ሲላክ፣ ማሳ ላይ ዓመታት የፈጀውን የመላመድ ሥራ በአንድ ክረምት እንዲሠራ ተጠይቋል ማለት ነው።

የስዊድን ታሪክ እዚህ ላይ ብዙ ያስተምራል። በኡፕሳላ የሚገኘው ባዮአግሪ የተባለ ኩባንያ ስዩዶሞናስ ክሎሮራፊስ ኤምኤ342 የተባለውን ባክቴሪያ በአትክልት ዘይት ውስጥ አድርጎ ሴዶሞን በሚል ስም ለገብስና ለአጃ ዘር ማከሚያ አቀረበው፤ ከ1997 ጀምሮ ገበያ ላይ ውሎ በብዙ መቶ ሺህ ሄክታር ተዘርቷል። ምርቱ የተሳካለት ጦርነቱን በጥንቃቄ ስለመረጠ ነው። ሴዶሞን የተነጣጠረው ዘሩ ላይ ተጣብቀው ከጎተራ ወደ ማሳ በሚሄዱ ፈንገሶች ላይ ነው። ጠላቱም ዘሩ ላይ ነው፣ ባክቴሪያውም ዘሩ ላይ ነው፤ ፍልሚያው ቡቃያው ከመሬት ብቅ እስኪል ባሉት ጥቂት ቀናት ውስጥ ያልቃል። ወቅቱን ሙሉ በረዘመው ሥር ሁሉ ላይ በ100,000 መቆየት አይጠበቅበትም። ቴክ ኦልን ለመከላከል የተላከው ባክቴሪያ ግን ይህ ሁሉ ይጠበቅበታል።

የደኅንነቱም ጉዳይ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። ከተፈጥሮ የተገኘ ነገር ሁሉ ጉዳት የለውም ማለት አይቻልም፤ አንቲባዮቲክ የሚሠራ ባክቴሪያ መርዝ ይሠራል። ከእነዚሁ ባክቴሪያዎች ወገን የሆነው ስዩዶሞናስ ኤሩጂኖሳ ፌናዚን ሠሪ ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ የተዳከሙ ሕሙማንንም ያጠቃል። ስለዚህ እያንዳንዱ ዝርያ ማንነቱ ተለይቶ፣ የሚለቀው ነገር ተመርምሮ መመዝገብ አለበት፤ ዘር የሚቀባውም ሰው እንደ ማንኛውም የዘር መድኃኒት አፍና አፍንጫውን ሊሸፍን ይገባዋል።

አሁን ወደ ኢትዮጵያ። በመጀመሪያ የማይሆነውን ለይቶ መናገር ይሻላል። የኢትዮጵያን ስንዴ በቅርብ ዓመታት ክፉኛ የመታው ዋግ ነው፤ በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳን የመሳሰሉ ዝርያዎችን አጠቃ፣ በ2013 እና በ2014 ደግሞ የግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ ዲገሉ የተባለውን ዝርያ ጨረሰው። ዋግ በነፋስ ተጉዞ ቅጠልና ግንድ ላይ የሚያርፍ ነው። ሥር ላይ የሰፈረ ባክቴሪያ ይህን ያቆማል ብሎ ለገበሬ መሸጥ ማታለል ይሆናል፤ ለዋግ መልሱ የሚቋቋም ዝርያ፣ ቶሎ የሚሰማ ማስጠንቀቂያና በጊዜው የሚረጭ መድኃኒት ነው።

ባክቴሪያ ሊረዳ የሚችለው በሥርና በአገዳ ግርጌ በሽታዎች እንዲሁም ዘር ላይ በሚጓዙ ፈንገሶች ላይ ነው። እዚህም አንዳንድ እውነታዎች አስቀድመው ይታያሉ። የሸዋ ደጋ ገበሬ ስንዴ የሚዘራበት ዋልካ ሸክላ የበዛበት አፈር ነው፤ የ2003ቱ ሙከራ እንዳሳየው ደግሞ ሸክላ ለ2-79 አልተመቸውም። በቆላ በመስኖ የሚለማው የበጋ ስንዴ ከደጋው የመኸር ስንዴ ጋር አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ይፈልጋል ብሎ መገመትም ያስቸግራል። የመደብሩ ጉዳይም አለ። ስዩዶሞናስ ሙቀት አይችልም፤ በቆርቆሮ ጣራ ሥር ባለ የግብርና ግብዓት ሱቅ ውስጥ ጥቂት ሳምንት ከከረመ ገበሬው የሚገዛው የሞተ ባክቴሪያ ነው። ባሲለስ የሚባሉት ሌሎች የአፈር ባክቴሪያዎች ግን ሲቸገሩ ጠንካራ ሽፋን ለብሰው ያንቀላፋሉ፤ ሙቀትና ድርቀትን ችለው ለረጅም ጊዜ ይቆያሉ። እነሱም ፈንገስ የሚገድል ውህድ ይሠራሉ። ማቀዝቀዣ በሌለበት ወረዳ ለሚሸጥ ምርት ከስዩዶሞናስ ይልቅ ባሲለስ ይመረጣል።

በባክቴሪያ መሥራት ለኢትዮጵያ ገበሬ ፍጹም እንግዳ ነገር አይደለም። ናይትሮጅን ከአየር የሚያስገኙ ራይዞቢየም ባክቴሪያዎች በባቄላ፣ በሽምብራና በአኩሪ አተር ዘር ላይ እየተለወሱ ሲዘሩ ቆይተዋል፤ በጥላ ሥር መለወስን፣ በዕለቱ መዝራትን፣ ከኬሚካል ጋር አለመቀላቀልን የለመዱ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችም አሉ። ስንዴን ከባቄላ ጋር የሚያፈራርቅ ገበሬ ደግሞ የሥር በሽታን በርካሹ መንገድ እየተከላከለ ነው፤ ያንን አስጥሎ ጥበቃው እስኪገነባ ስንዴ በስንዴ ላይ ዝራ ማለት ለኪሳራ መዳረግ ነው።

ስለዚህ ጠቃሚ ባክቴሪያ የመፈለጉ ምርምር የሚጀምረው ሌላ ሰብል ለማፈራረቅ ካልተመቻቸው ማሳዎች ነው። በአርሲና በባሌ ስንዴ በስንዴ ላይ ለረጅም ዓመታት የተዘራባቸው ሰፋፊ እርሻዎች አሉ። ከእነዚህ ከአንዳንዶቹ አፈር ወስዶ ለሁለት መክፈል፣ ግማሹን በ60 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ማሞቅ፣ በሁለቱም ላይ ከአካባቢው ስንዴ የተገኘውን የሥር ፈንገስ እኩል ጨምሮ አንድ ዓይነት ዘር መዝራት፣ ከአንድ ወር በኋላ ሥሩን አጥቦ የጠቆረውን ከነጩ መለየት ነው። ለዚህ ቴርሞሜትር፣ የችግኝ ማሰሮና የሚታገስ ሰው ይበቃል። ባልሞቀው አፈር ላይ ሥሩ ነጭ ሆኖ ከተገኘ፣ ከዚያ ሥር ላይ ባክቴሪያዎቹን ለቅሞ መለየት ይከተላል። ያኔ ለዋልካ አፈር፣ ለበጋ መስኖና ለአገሬው የስንዴ ዝርያዎች የሚስማማው ባክቴሪያ ከዚያው ማሳ ስለሚገኝ፣ ከውጭ የሚገባው ጆንያ ከእሱ ጋር እየተወዳደረ ሊመዘን ይችላል።